በግራ የተገመደ ማተብ

የኔሰው የመጣ ቀን እናቱ እልል አላለችም። በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ!» ሲላት፣ ጧፍ የምትነክርበት ድስት ውስጥ ያለው ሰም እስኪረጋ ድረስ አየችው። ቁምጣ ታጥቋል፤ እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ክላሽ። ጸጉሩ ጎፍሯል፤ ጉንጩ ገብቷል። ፊቱ ግን የልጇ ፊት ነው።

«ማነህ?» አለችው።

«የኔሰው ነኛ! ምነው እማዬ፣ ረሳሽኝ እንዴ?»

«የኔሰውንማ ቀብሬዋለሁ። ተዝካሩንም አውጥቻለሁ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «በስመ አብ በል» አለችው፤ አለ። ከአንገቷ መስቀሏን አውጥታ ዘረጋችለት፤ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። አሁንም አላመነችም። ጨው የበዛበት ሽሮ አቀረበችለትና ጉሮሮው ሲውጥ አየች። ሰም ሰም በሚሸተው እጇ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ዳሰሰችው። ያኔ ነው የጮኸችው። የሰሙት ጎረቤቶች፣ ሰው ቤት ሲገባ የሚጮኸውን አይመስልም ነበር ብለዋል፤ ሬሳ ከቤት ሲወጣ የሚጮኸው ነበር።

እጇ አንገቱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ማተብህስ?»

«ጠፋብኝ እማዬ። ጫካ ምን የማይጠፋ አለ?» አለና ፊቱን ወደ ክላሹ አዞረ።

እናቱ አስቻለች ግራኝ ናት። ሞጣ ውስጥ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላው ሰው ወደ ቀኝ የሚገምደውን ፈትል እሷ ወደ ግራ ነው የምትገምደው። ልጇ ክርስትና ሲነሣ ያሰረችለትን ጥቁር ማተብም እንዲሁ በግራዋ ነበር የገመደችው፤ ጫፉ ላይም የወይራ መስቀል አንጠልጥላበት ነበር። የልጁ የክርስትና ስም ወልደ ሰንበት ነው። አድጎ የወታደር አፈሳ ሲመጣበት ጫካ ገባ፤ ከታጋዮቹ ጋር ተቀላቀለ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

መንግሥት ሊለወጥ ሲል በነበረው ክረምት፣ ገበሬዎች ከጉንደ ወይን መንገድ በታች ከገደሉ አፋፍ አንድ ሬሳ አገኙ። በእህል መኪና ጭነው ሞጣ ፖሊስ ጣቢያ አደረሱት። ፊቱን ጅብ በልቶታል፤ ጫማ የለውም፤ ልብሱ የማንም ሰው ልብስ ነው። የቀረው ማተቡ ብቻ ነበር። ሃምሳ አለቃ ውበቴ በዚያ ጣቢያ የኖረ ፖሊስ ነበርና አስቻለችን አስጠርቶ ማተቡን አሳያት። አንዴ በጣቷ አሸችው። ክሩ ወደ ግራ የተገመደ ነው።

«የልጄ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሽፍታ ነው» አለ ውበቴ፤ ቃሬዛውን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። «ጣቢያዬን ሳያገማው ወስደሽ ቅበሪው።» መሸፈኛውን እንኳ ገልጦ አላየም።

ያን ቀን ክንዷን ደግፋ የወሰደቻት ጎረቤቷ ስርጉት ነበረች። ስርጉት የአሥር አለቃ ታደለ ሚስት ናት፤ ባሏ ከውበቴ ጋር አንድ ጣቢያ የሚሠራ፣ የቢቸና ሰው ነው። ታደለ የታመመ አባቱን ሊጠይቅ የሲቪል ልብስ ለብሶ ወደ ቢቸና ከሄደ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ስርጉት በቀብሩ ላይ ከእናቲቱ ብሳ አለቀሰች። ሴቶቹ «ምነው፣ አንቺ ባልሽ ደህና፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ተቆጧት። «እኔም አላውቀው» አለች። ታደለ ቢቸና አለመድረሱ የተሰማው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ አስቻለች አንድ ሕልም ያዛት። አንድ ሰውዬ በሯ ላይ ይቆማል፤ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ትከሻው ወርዷል፣ አንገቱ ጎብጧል፣ የማለዳ ብርሃን ከፊት ለፊቱ ነው። ተረከዙን ገጭ አድርጎ ያጋጥማል፣ ወታደር ሰላምታ ሲሰጥ እንደሚያደርገው። «ልጄ፣ ዞር በል፣ ፊትህን ልየው» ትለዋለች። አይዞርም። ለንስሐ አባቷ ለአባ ሀብተ ሥላሴ ነግራቸዋለች። እሳቸውም በክርስትና ስሟ ነበር የሚጠሯት፤ «ወለተ ሐና፣ ጸልዪለት» አሏት። ጸለየችለት። ሰውዬው ግን አልዞረም።

አሁን ልጇ በሕይወት ቤቷ ገብቷል። ሰውዬውም መምጣቱን አልተወም።

ጊዜው ሰማንያ አራት ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየ። ሞጣ የአውራጃው ዋና ከተማ ናትና ታጋዮቹ ጣቢያውን ያዙ፤ የኔሰውንም የጸጥታ ኃላፊ አደረጉት። የድሮዎቹ ፖሊሶች ተሐድሶ ገብተው ተመለሱ፤ ካኪያቸውና ዱላቸው ተሰጣቸው፣ ጠመንጃቸው ግን አልተሰጣቸውም። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት መንደር ሆነ። ፖሊሶቹ በግንቡ ጥላ ሥር፣ ታጋዮቹ በባሕር ዛፉ ሥር። መካከል ላይ ያለውን ባዶ መሬት ማንም አያቋርጠውም፤ የውሃ በርሜሉ እንኳ እዚያ ስለሆነ ሁለቱም ወገን ውሃ ከውጭ ያስመጣ ነበር።

አንድ ቀን አስቻለች የልጇን ምሳ ይዛ ገባች። ውበቴ ከግንቡ ሥር ሆኖ፣

«እትዬ አስቻለች፣ ለሙት ምሳ መውሰድ ጀመሩ?» አለ። «ፍትሐቱ ላይ እኮ ነበርኩ!»

ከባሕር ዛፉ ሥር አንዱ ታጋይ ተነሣ። «ሙትስ አንተ ነህ! የደርግ ሬሳ!»

«ሬሳም ብሆን ሱሪ ለብሼ ነው ወንድሜ። አንተ ግማሹን ለማን ሰጠኸው?»

ፖሊሶቹ ፈነዱ። ታጋዩ ክላሹን ቀጭ አደረገ። ሳቁ ወዲያው ሞተ። የኔሰው ከቢሮ ወጥቶ በሁለቱ መካከል ባዶው መሬት ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ አውርድ። ጋሼ ው… ሃምሳ አለቃ፣ ምላስህን ሰብስብ።»

ውበቴ ዱላውን ብብቱ ሥር ሻጠ። «እሰበስባለሁ። አንተም ታደለን የበላውን ጅብ ስጠኝ። ከእናንተው ውስጥ ነው። ባገኘው የማደርገውን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ወንድሞቹም ቢቸና ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት።»

አስቻለች ልጇን አየችው። ፊቱ ሰም መስሏል።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማው ነገር የተጀመረውም በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የሰማችው ስርጉት ናት፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣

«እትዬ፣ ሰሙ?» አለች።

«ምኑን?»

«ፊሽካ። የታደለን ፊሽካ።»

ታደለ ሌሊት ሮንድ ሲወጣ የሚነፋው ፊሽካ ውስጥ ያለችው ፍሬ ስትጠፋበት ሽምብራ ነበር የከተተበት። ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ይሻክር ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ይስቅበትም ነበር። አስቻለች ጆሮዋን ሰጠች። ምንም የለም። ከዚያ፣ ትንፋሽ ብቻ የምትሆን፣ ሻካራ፣ ቀጭን ድምፅ መጣች፤ ሰው በጣም ከሩቅ፣ ወይም በጣም ከቅርብ ሆኖ የሚነፋት የምትመስል።

«ወፍ ናት» አለች አስቻለች።

«ወፍ ሽምብራ አትውጥም» አለች ስርጉት። ጥቁር አልለበሰችም። መርዶ ያረዳት የለምና እንደ ባለ ትዳር ሴት ነበር የምትለብሰው። ቤቷ ውስጥ የታደለ ካኪ ተተኩሶ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ቁልፎቹን በየሳምንቱ ትወለውላቸዋለች። «ቢሞት በሕልሜ ያሳውቀኝ ነበር። ቢኖር ይመጣ ነበር። ይኼ ምን ዓይነት ነው እትዬ? የት ነው ያለው?»

ድምፁ በየምሽቱ ተደገመ። መንደሩ በጊዜ በሩን ይዘጋ ጀመር። ከመሸ በኋላ የሚያልፉ ፖሊሶች እንኳ በዚያ በኩል መሄድ ተዉ። አንዲት ጎረቤት ደጃፏ ላይ ጠበል ረጨች።

አንድ ምሽት አስቻለች የሰም ድስቷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ልጇ በጌሾው ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ላይ አንድ የቆርቆሮ ነገር ጣል አድርጓል፤ የሚነፋው አይመስልም፤ ሲተነፍስ ነው የሚጮኸው። ድስቱ ከእጇ ወደቀ።

«የማን ነው?» አለችው፤ እያወቀችው።

ከከንፈሩ አውርዶ በመዳፉ ጨበጣት። ከዚያ እንዲህ አላት፤

«ጉንደ ወይን አፋፍ ላይ መንገድ ይዘን ነበር። የሚያልፈው ሰው መሣሪያ ያለው መስሎን ተኮስን። እኔም ተኮስኩ፤ የማን ጥይት እንዳገኘው አላውቅም እማዬ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አላውቅም። ስደርስ የተመታው አንገቱ ላይ ነው። አየኝና ‹አንተ የአስቻለች ልጅ አይደለህም?› አለኝ። ታደለ ነበር። ጥይቱ ማተቡን በጥሶታል። እጁ አንገቱን ይዳስሳል፣ ይፈልጋል። ‹ያለ ማተብ አገኙኝ ብለው እንደ አረመኔ እንዳይጥሉኝ› አለኝ። እኛ ዘንድ ማተብ ያሰረ ይሳቅበት ነበር፤ እኔ ግን ከሸሚዜ ሥር ደብቄ ነበር የያዝኩት። ፈታሁና አሰርኩለት። ከዚያ ይቺን ሰጠኝ፤ ‹ለስርጉት› አለ። ልቀብረው አልፈቀዱልኝም፤ ጉዞ ነበር። ማተቡን ያየ ክርስቲያን ይቀብረዋል አልኩ።»

«ቀበርኩት» አለች አስቻለች። «እኔ ቀበርኩት። በአንተ ስም።»

«ከመጣሁ ጀምሮ ልሰጣት ነው እያልኩ አጥሯ ድረስ እሄዳለሁ። እግሬ ይያዛል። ስሰጣት የገደለው የማን እጅ እንደ ሆነ ትጠይቀኛለች። ውበቴ ይሰማል። ወንድሞቹ ይሰማሉ። እኔ ብቻ ብሞት ደግ ነበር፤ እኔን ሲገድሉ ግን ጓዶቼ ፖሊሶቹን አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል።»

ያን ሌሊት ሰውዬው በሕልሟ መጣ። ተረከዙን አጋጠመ። ለምን እንደማይዞር አሁን ገባት፤ የምትጠራው በሌላ ሰው ስም ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ሀብተ ሥላሴ ተናገረች። አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ወልደ ሰንበት ብዬ ፈትቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ወልደ ሰንበት ደግሞ ይኸው ቁምጣ ታጥቆ ይዞራል።»

«ጸሎቱ ባከነ አባ?»

«እግዚአብሔር ሰው አይጠፋበትም፣ ልጄ። የጠፋው ለእኛ ነው። ሚስቱ ሳታለቅስለት፣ ስሙ ሳይጠራለት አፈር ውስጥ እንደ እንግዳ ተኝቷል።»

«ብናገር ልጄን ይገድሉብኛል። ሁለት ጊዜ ልቅበረው?»

አባ «ተናገሪ» አላሏትም፤ «ዝም በይ»ም አላሏትም። መስቀላቸውን አሳለሟትና «ጧፍሽን ስትገምጂ አስቢው» አሏት። ቤቷ ገብታ ስትገምድ ዋለች። የገመደችው ሁሉ እየተፈታባት ዋለ።

ቅዳሜ፣ ገበያ ሲበተን፣ ከጥጥ ተራ ጀርባ አንድ ጥይት ተተኮሰ። አንዱ ታጋይ ክንዱን ተመታ። ማን እንደተኮሰ ያየ የለም። ታጋዮቹ «ፖሊሶቹ የቀበሩት መሣሪያ አለ» አሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ቤታቸው ይፈተሻል ተባለ። በውበቴ ጎታ ውስጥ ያለው ጤፍ ብቻ እንዳልሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። «ደጄን የሚረግጥ ቁምጣ ካለ እንገናኛለን» ማለቱም ተሰማ። የኔሰው እናቱን «ነገ ከቤት እንዳትወጪ» አላት። ፊቱን ሳያሳያት ነበር ያላት።

እሑድ ማለዳ፣ ገና ሲነጋጋ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ አስቻለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ የስርጉትን በር መታች። መርዶ የሚያረዳ ሰው ሽማግሌ አስከትሎ፣ ቄስ ይዞ ነው የሚመጣው። እሷ ብቻዋን መጣች። ፊሽካውን ልጇ ሲያንቀላፋ ከኪሱ አውጥታ ይዛዋለች።

ስርጉት ነጠላዋን አየች፤ እጇን አየች። ፊሽካውን ተቀብላ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው።

«ሽምብራው አለ» አለች።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አስቻለች ሁሉንም ነገረቻት፤ አፋፉን፣ ማተቡን፣ መቃብሩን። ስርጉት ፊሽካውን በሁለት እጇ ይዛ ሰማቻት። መጨረሻ ላይ እንዲህ ስትል ጠየቀቻት፣

«የገደለው የኔሰው ነው?»

«ብዙ ሆነው ነው የተኮሱት። እሱም ተኩሷል። አልደብቅሽም።»

«ማተቡንስ እሱ ነው ያሰረለት?»

«እሱ ነው።»

«ለዚህ ነው» አለች ስርጉት፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። «ለዚህ ነው የርስዎ ልጅ ቀብር ላይ ያን ያህል ያለቀስኩት። አስክሬኑ ሲያልፍ ሆዴ ‹ተነሺ› ይለኝ ነበር።» የቅዳሴ መውጫው ደወል ሲደወል ተነሥታ ካኪውን ከሚስማሩ አወረደች፤ ክንዷ ላይ ጣለችው፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወጣች። አስቻለች ተከተለቻት። ስርጉት ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

ከጣቢያው ወደ ፖሊሶቹ መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ታጋዮቹ ተሰልፈው ወርደዋል፤ የኔሰው ከፊት ነው። ውበቴ ከደጃፉ ላይ ቆሟል፤ በእጁ የያዘው ጠመንጃ አፉ ላይ የጤፍ ብናኝ አለበት። ሌሎቹ ፖሊሶችም ከየበሩ ወጥተዋል። ባዶ እጁን የወጣ የለም። ከኪዳነ ምሕረት የሚመለሰው ሕዝብ በአጥር ሥር ተጠጋ።

ስርጉት በመካከል ገብታ ፊሽካውን ነፋችው።

ያ ሻካራ ድምፅ በቀን ብርሃን ሲሰማ ሰው ሁሉ አማተበ። አንዲት ሴት ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። የፖሊሶቹ ተረከዝ ገጭ አለ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ታደለ ሮንድ ሲያስረክባቸው እንደሚያደርጉት። አስቻለች ያን የተረከዝ ድምፅ ከሕልሟ አወቀችው።

«ከየት አመጣሽው?» አለ ውበቴ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ታደለ ኪዳነ ምሕረት ነው ያለው» አለች ስርጉት። «የቀበርከው አንተ ነህ።»

«እኔ? ምን ትያለሽ አንቺ ሴት?»

«‹ሽፍታ ነው› ብለህ። ‹ጣቢያዬን ሳያገማው› ብለህ። በጫማህ የገፋኸው ቃሬዛ ላይ ማን የተኛ መሰለህ? እኔም አጠገብህ ቆሜ ነበር፤ እኔም አላወቅሁትም።»

ውበቴ ጫማውን አየ። ልክ እዚያ አንድ ነገር እንደ ተለጠፈበት፣ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። የጠመንጃው ሰደፍ ቀስ ብሎ መሬት ነካ።

«ገልጬ ባየው…» አለ። «እጁን ባየው እኮ አውቀው ነበር።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ማን ነው የገደለው?»

የኔሰው አፉን ከፈተ።

«ዛሬ ይኼን የሚጠይቀኝ የለም!» አለች ስርጉት። «ዛሬ ነው ባሌ የሞተው። መርዶዬን አሁን ነው የሰማሁት። እስከ አርባው ድረስ መሣሪያ ይዞ ለቅሶዬ ላይ የሚቆም እግር አላይም፤ ካኪም ቢሆን፣ ቁምጣም ቢሆን። ለቢቸና ወንድሞቹም ይኼንኑ ነው የምነግራቸው። ከአርባው በኋላ ተኳሹ ራሱ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይናገራል።» ዓይኗን ወደ የኔሰው አዞረች፤ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ባዶ አንገቱን ነበር። «ይናገራል፣ አይደል?»

«ይናገራል» አለ የኔሰው።

ፍትሐቱ እንደገና ተደረገ። ፖሊሶቹ በመቃብሩ በአንድ ወገን፣ ታጋዮቹ በሌላው ወገን ቆሙ፤ መሣሪያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተደገፈ፤ የማን የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ተደባልቆ። ውበቴ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመ፤ እስከ መጨረሻውም አላጠለቀውም። አባ ሀብተ ሥላሴ «ገብረ ሕይወት» ብለው የታደለን የክርስትና ስም ሲጠሩ፣ ስርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። በዚያ ሌሊት የአስቻለች በር በሕልሟ ባዶ ነበር። በማግሥቱም። ሰውዬው መንገዱን አገኘ ብላ ስግደት ሰገደች።

የታደለ ወንድሞች ከቢቸና መጡ። ለቅሶው ላይ ተቀመጡ፤ ብዙ አልተናገሩም። የኔሰው ባለፈ ቁጥር ታላቁ ወንድም ንፍሮ መቃሙን ያቆም ነበር፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። አስቻለች ይህን በየቀኑ አየች።

አርባው ወጣ። በማግሥቱ ማለዳ የኔሰው ክላሹን ግድግዳው ላይ ትቶ፣ ጋቢ ለብሶ፣ በእርቅ ልማድ አንገቱ ላይ የሚሸከመውን ድንጋይ ከደጁ መረጠ። አስቻለች ሌሊቱን አዲስ ማተብ ገምዳለታለች፤ በግራዋ። አንገቱን ጎንበስ አደረገላት፤ አሰረችለት። አልሳቀም፤ አልከለከላትም። ድንጋዩን በትከሻው አደላድሎ ወጣና በሩ ላይ ቆመ።

ጀርባውን ሰጥቷታል። የማለዳው ብርሃን ከፊት ለፊቱ ነው። ድንጋዩ እንዳያዳልጠው እግሩን ሲገጥም ተረከዙ ገጭ አለ።

አስቻለች የሰሙን ድስት ጨበጠች። ይህን በር ታውቀዋለች። ይህን ብርሃን ታውቀዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ የሙቱ ነው ያለችውን ጀርባ አሁን አየችው፤ የትከሻው አወዳደቅ፣ የአንገቱ ጉብጠት፣ አንድም ሳይጎድል። ድምፅ ለማውጣት ሦስቱን ሥላሴ ጠራች፤ ከዚያ ልጇን በዚያ አፈር ውስጥ ተኝቶ በነበረው ስም ጠራችው።

«ወልደ ሰንበት!»

ቆየ። ድንጋዩ ከባድ ነው።

ዞረ።

«አቤት፣ እማዬ?»

ፊቱን አየችው። ላብ አለበት፤ ፈርቷል፤ የልጇ ፊት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

«ምንም የለም» አለችው። «አየሁህ። ሂድ።»

ከአጥሩ ማዶ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት፣ ስርጉት ፊሽካዋን አንድ ጊዜ ነፋች። ሽምብራዋ እስክትቆም ድረስ ሁለቱም አዳመጡ። ከዚያ ልጇ ሄደ፤ እሷም በሩን ሳትዘጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ሰሙን እሳት ላይ ጣደች።